ዲዳክቲብሌን ስጨርስ መነፅር በነፃ ይሆናል? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጃንዋሪ በገባ ቁጥር ለዚህ አምድ የሚላከው ጥያቄ አብዛኛው እዚህ አሜሪካ ስላለው የጤና ኢንሹራንስ ነው። የብዙ ሰው ዲዳክቲብል፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመቱ ውስጥ ራሳችሁ የምትከፍሉት ብር፣ ቆጠራው በጃንዋሪ 1 ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ዲሴምበር ላይ ምንም ሳያስከፍል ያያችሁ ሀኪም ቤት ድንገት ቢል መላክ ይጀምራል። የዘንድሮዎቹ ደሞ ስለ ዓይንና መነፅር ስለበዙ አንድ ላይ ሰብስቤ ልመልሳቸው። እኔ ዓይን ክሊኒክ ውስጥ ቢሊንግ ላይ ነው የምሰራው፣ ሀኪም አይደለሁም፣ ስለ ዓይናችሁ ሳይሆን ስለ ወረቀቱ ነው የማወራው። የምጠራቸው የመነፅርና የምርመራ ዋጋዎች ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ የመንግስት ቁጥሮቹ ግን የ2026 ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ ሆቴል ውስጥ እሰራለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ከቼኬ ላይ 62 ዶላር ለጤና ኢንሹራንስ ይቆረጣል፣ ዲዳክቲብሌ 2,500 ነው። ሰሞኑን ማንበብ ስላስቸገረኝ ዓይኔን ታይቼ መነፅር አሰራሁ፣ ምርመራው 95፣ ፍሬሙ 180፣ ሩቅም ቅርብም የሚያሳየው ፕሮግረሲቭ ሌንሱ 260፣ በጠቅላላው 535 ዶላር ከኪሴ ወጣ። ቢያንስ ከዲዳክቲብሌ ላይ ይቀነስልኛል ብዬ ደረሰኙን ስልክላቸው አይቆጠርም አሉኝ። ታዲያ ለምንድነው የምከፍለው? ዲዳክቲብሉን ስጨርስስ መነፅር በነፃ ይሆናል ማለት ነው? (ግራ የገባው)

መልስ፦ ወንድሜ ከመጨረሻው ልጀምርልህ፣ አይሆንም። ዲዳክቲብልህን ጨርሰህ ከዛም በላይ ብትከፍል መነፅሩ በነፃ አይመጣም፣ ምክንያቱም የአዋቂ ሰው መነፅር አብዛኛው የጤና ኢንሹራንስ ውስጥ መጀመሪያውኑ የለም። ዲዳክቲብል የሚሰራው ኢንሹራንሱ እሸፍናለሁ ብሎ በፃፈው ነገር ላይ ብቻ ነው፣ ያልፃፈው ነገር ላይ ያወጣኸው ብር ከዲዳክቲብሉም ከዓመታዊው ጣሪያም (በዓመት ከኪስህ ሊወጣ የሚችለው ከፍተኛው ብር) አይቆጠርልህም፣ ደረሰኙን አስር ጊዜ ብትልክ ያው ነው። በ2010 የወጣው የኦባማ የጤና ህግ ሰው ለራሱ የሚገዛቸውና ትንንሽ መስሪያ ቤቶች የሚሰጧቸው ኢንሹራንሶች የግድ መሸፈን አለባቸው ብሎ አስር ዓይነት አገልግሎት ዘርዝሯል፣ እዛ ውስጥ ዓይንና ጥርስ ለልጆች ብቻ ነው የተፃፈው። የአዋቂው መነፅር ቪዥን ኢንሹራንስ የሚባል ሌላ ነገር ሆኖ ለብቻው ይሸጣል። ስለዚ አንተ የጠየቅከው ጥያቄ ሁለት የተለያየ ኢንሹራንስ የተቀላቀለበት ነው።

አሁን ወደ 2,500ው። ብዙ ሀበሻ ዲዳክቲብልን መጀመሪያ የሚያውቀው ከመኪና ኢንሹራንስ ነው፣ እዛ ላይ በየአደጋው ነው የሚከፈለው፣ የጤናው ግን በዓመት አንዴ ነው የሚሞላው። ለምሳሌ በጁን ጉልበትህን አመመህና ኤምአርአይ፣ ስፔሻሊስት፣ ምናምን ተብሎ ኢንሹራንሱ የተቀበለው ዋጋ 3,500 ዶላር መጣ እንበል። የመጀመሪያውን 2,500 አንተ ትከፍላለህ። ከቀረው 1,000 ላይ ኮኢንሹራንስህ፣ ማለትም ከዲዳክቲብሉ በኋላ ያንተ ድርሻ፣ 20 ፐርሰንት ከሆነ 200 ትከፍላለህ፣ 800ውን እነሱ ይከፍላሉ። በጠቅላላው ካንተ የወጣው 2,700 ነው። ኦክቶበር ላይ ደግመህ ብትታመም ከ20 ፐርሰንቱ ነው የምትጀምረው እንጂ ከ2,500ው አይደለም። እንዲህ እያለ ሄዶ ዓመታዊው ጣሪያህ ጋ ሲደርስ ቆም ይላል፣ ከዛ በኋላ በኔትወርክ ውስጥ (ከኢንሹራንሱ ጋ የተዋዋሉ ሀኪሞች ጋ) የተሸፈነውን በሙሉ እነሱ ናቸው የሚከፍሉት። ህጉ በ2026 ይሄ ጣሪያ ለአንድ ሰው ከ10,600፣ ለቤተሰብ ከ21,200 ዶላር እንዳይበልጥ ይላል፣ ያንተ ፕላን ከዛ ዝቅ ሊል ይችላል። ከቼክህ የሚቆረጠው 62 ዶላር ግን ፕሪሚየም ነው፣ እሱ ከዲዳክቲብሉም ከጣሪያውም አይቆጠርም።

ለምን እከፍላለሁ ላልከው፣ ዲዳክቲብሉ ሳይሞላም ሁለት ነገር ታገኛለህ። አንደኛው የተደራደሩት ዋጋ ነው፣ ለምሳሌ ሀኪሙ 280 ብሎ የላከው ቢል ኢንሹራንሱ ጋ ሲደርስ 140 ይሆናል፣ አንተም የምትከፍለው 140ውን ነው፣ ከዲዳክቲብልህ ላይ የሚቆጠረውም እሱ ነው። ሁለተኛው ዓመታዊ ቼክአፕ፣ ክትባት፣ የደም ግፊት ምርመራ እነዚህ የመከላከያ አገልግሎቶች ከዲዳክቲብል በፊት ያለ ክፍያ ናቸው። እነዚህን ሳይጠቀም ዓመቱን የሚጨርስ ሰው በጣም ብዙ ነው፣ ያሳዝነኛል በጣም።

እና አንድ ነገር አድርግ፣ የቼክህን ዝርዝር አውጣና ቪዥን የሚል ሌላ መስመር ካለ ተመልከት። በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ ነው፣ ሰው የጤና ካርዱን ብቻ ይዞ መጥቶ መነፅር አይሸፍንም ሲባል ከኪሱ ከፍሎ ይሄዳል፣ ለካ በየሁለት ሳምንቱ አራት አምስት ዶላር ለቪዥን ሲቆረጥበት ነው የከረመው። ሲቀጠር ኤች አር (የሠራተኛ አስተዳደር) በሰጠው ፎርም ላይ ራሱ ምልክት አድርጎ ረስቶታል። ብዙዎቹ ቪዥን ኢንሹራንሶች ካርድ እንኳን አይልኩም፣ ክሊኒኩ በስምህና በልደት ቀንህ ሲስተሙ ላይ ፈልጎ ነው የሚያወጣው። ካለህ ደረሰኙን ወደ ጤናው ሳይሆን ወደ ቪዥኑ ላከው፣ ሱቁ ከኔትወርክ ውጪ ቢሆንም የተወሰነ ብር የሚመልሱ አሉ፣ የማስገቢያው ጊዜ ሳያልፍ ብቻ።

ጥያቄ፦ እኔ ሥራ ቦታዬ ቪዥን በወር 9 ዶላር ነው ይላሉ። ጓደኛዬ ብር ማባከን ነው ትላለች። ልውሰድ ወይስ ልተወው? (ከዲሲ)

መልስ፦ እህቴ ይሄ ሂሳብ ነው፣ አብረን እንስራው። ወር 9 ዶላር በዓመት 108 ነው። የተለመደው ፕላን ለምርመራ 10 ዶላር፣ ለመነፅሩ 25 ዶላር ኮፔይ (አንቺ የምትከፍዪው ቋሚ ድርሻ) ያስከፍልሽና ለፍሬም 150 ዶላር አላወንስ (እነሱ የሚችሉት ብር) ሰጥቶ መደበኛውን ሌንስ ይሸፍናል። ባለ 220 ፍሬም ከመረጥሽ ትርፉ 70 ነው፣ በትርፉ ላይ 20 ፐርሰንት የሚቀንሱ ስላሉ 56 ትከፍያለሽ። እንግዲህ 108 እና 35 እና 56 ሲደመር 199 ዶላር። ኢንሹራንስ ባይኖርሽ ምርመራ 95፣ ፍሬም 220፣ ሌንስ 100 ቢባል 415 ነበር። ስለዚ በየዓመቱ መነፅር የምትቀይሪ ከሆነ ያዋጣሻል።

ግን በየዓመቱ የሚቀይር ማነው? ቁጥርሽ ካልተለወጠና ያንኑ መነፅር ሦስት ዓመት የምታደርጊ ከሆነ ሦስት ዓመት ከፍለሽ አንዴ ነው የምትጠቀሚው፣ ያኔ ጓደኛሽ ልክ ናት። ደሞ ፍሬም በ24 ወር አንዴ ብቻ የሚሰጡ ፕላኖች አሉ፣ ምርመራው በየ12 ወሩ ሆኖ ማለት ነው፣ ስትመዘገቢ ይሄን ጠይቂ። መነፅርና ኮንታክት ሌንስ ሁለቱንም በአንድ ዓመት ሸፍኑልኝ ማለትም አብዛኛው ጊዜ አይቻልም፣ አንዱን ምረጪ ነው የሚሉሽ። እንደ ዜኒ ካሉ ኦንላይን መሸጫዎች ወይም ከኮስትኮና ከዋልማርት መነፅር ክፍል የሚገዙ ሰዎች ያለ ኢንሹራንስም ብዙ ሳያወጡ ይጨርሳሉ።

ሂሳቡን የሚያበላሸው ዋናው ነገር ግን ሱቁ ውስጥ ወንበር ላይ ከተቀመጥሽ በኋላ የሚጨመረው ነው። ፕሮግረሲቭ፣ ነፀብራቅ መከላከያ፣ ፀሐይ ላይ የሚጠቁር፣ ቀጭን ሌንስ፣ እያንዳንዱ የየራሱ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ እና ሻጩ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጠራው። ነፀብራቅ መከላከያው ማታ መኪና ለሚነዳ ሰው ይጠቅማል እላለሁ። የኮምፒውተር ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል የሚሉትን ግን የአሜሪካ የዓይን ሀኪሞች አካዳሚ ራሱ አያስፈልግም ነው የሚለው፣ እዛ ላይ ብርሽን አታውጪ። ከመፈረምሽ በፊት በዝርዝር ፅፋችሁ ስጡኝ በያቸው፣ የቱን ኢንሹራንሱ ይከፍላል የቱን እኔ ብለሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ 8 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ዓይኗን አይተው ሀኪም ጋ ውሰጇት የሚል ወረቀት ላኩልኝ። ኢንሹራንሳችንን ማርኬትፕሌስ (ሰው ለራሱ ኢንሹራንስ የሚገዛበት የመንግስት ገበያ) ላይ ነው የገዛነው፣ የቤተሰብ ዲዳክቲብሉ 7,000 ነው። ይሄን ሁሉ ካልጨረስን አይሸፈንም ብለው ሰዎች አስፈራሩኝ። እናት ነኝና እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ። (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ ልጅ ላይ ነገሩ ይለያል። ከላይ እንዳልኩት የልጆች ዓይን በህጉ ውስጥ አለ፣ ማርኬትፕሌስ ላይ የሚሸጡ ፕላኖች እስከ 19 ዓመት ድረስ ለልጅ መሸፈን አለባቸው፣ አብዛኛው ጊዜ በዓመት አንድ ምርመራና አንድ መነፅር ነው። ዲዳክቲብሉ ይያዝባታል ወይስ አይያዝም የሚለው እንደየ ፕላኑ ነው፣ ብዙዎቹ ምርመራውን ያለ ዲዳክቲብል ይሰጣሉ፣ መነፅሩ ላይ ግን አንዳንዶቹ ዲዳክቲብል ወይ ኮኢንሹራንስ ያስገባሉ። ፕላኑ የጥቅም ማጠቃለያ የሚባል ወረቀት አለው፣ እዛ ላይ ልጅዎ የጥርስ ወይም የዓይን ህክምና ቢፈልግ የሚል ክፍል አለ፣ በቀጥታ እሱን አንብቢ፣ ሦስት መስመር ነው።

ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፣ የልጆቹን ዓይን ብዙ ጊዜ ዋናው ኢንሹራንስ ራሱ አያስተዳድረውም፣ እንደ ቪኤስፒ፣ አይሜድ ወይም ዴቪስ ቪዥን ላሉ ድርጅቶች ይሰጠዋል። ስለዚ የልጅሽን ሀኪም ኔትወርክ ሳይሆን የዓይኑን ኔትወርክ ነው መፈለግ ያለብሽ። ካርዱ ጀርባ ያለው ቁጥር ላይ ደውይና የልጆች ቪዥን በማን በኩል ነው ብለሽ ጠይቂ። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ አምሃሪክ ብቻ በያቸው፣ አስተርጓሚ ያገናኙሻል፣ ክፍያ የለውም፣ ልጅቷን ራሷን አስተርጓሚ አታድርጊያት። ፍሬም ስትመርጡ ደሞ ኢንሹራንሱ በሙሉ የሚሸፍነው የትኛውን ነው በሉ፣ ብዙ ሱቅ ውስጥ የተለየ መደርደሪያ አለው፣ ከዛ ውጪ ያለውን ካነሳችሁ ልዩነቱን ትከፍላላችሁ። ልጅቷ ሮዝ ፍሬም ላይ ዓይኗን ከጣለች በኋላ መመለስ ከባድ ስለሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጠው የመንግስት ኢንሹራንስ) ላይ ያላችሁ ወላጆች ደሞ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ የዓይን ምርመራም መነፅርም ሜዲኬይድ ይሸፍናል፣ በፌደራል ህግ። የአዋቂው ግን እንደየ ስቴቱ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 58 ዓመቴ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ስኳር አለብኝ። ቪዥን ኢንሹራንስ አለኝ፣ ምርመራ 10 ዶላር ብቻ ነው ብለውኝ ሄድኩ። ዓይኔ ውስጥ ጠብታ አድርገው ፎቶ አነሱኝ። ከወር በኋላ የ165 ዶላር ቢል መጣ፣ ዲዳክቲብል ይላል። አታለሉኝ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይሄ እኛ ቢሮ ስልክ ከሚያስደውሉ ነገሮች ሁሉ አንደኛው ነው። ማታለል ላይሆን ይችላል፣ ግን አስቀድመው ሊነግሩዎት ይገባ ነበር። የዓይን ምርመራ ከወረቀቱ አንፃር ሁለት ዓይነት ነው። የመነፅር ቁጥር ለማውጣት ከሆነ፣ አንደኛው ይሻላል ሁለተኛው እያሉ ፊደል የሚያስነብቡት፣ እሱ ወደ ቪዥን ኢንሹራንስ ይሄዳል። በሽታ ለማየት ከሆነ ግን፣ ስኳሩ የዓይኑን የውስጥ ክፍል ጎድቶት እንደሆነ፣ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ)፣ የዓይን ሞራ፣ መቅላት፣ እሱ ህክምና ስለሆነ ወደ ጤና ኢንሹራንስ ነው የሚሄደው፣ እዛ ደሞ ዲዳክቲብልዎ አለ። እርስዎ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ለውጡ አይታይዎትም፣ ሀኪሙም ያው አንድ ነው። ለዚህ ነው ስልክ ላይ ቀጠሮ ሲይዙ ዛሬ ለምንድነው የሚመጡት ብለን የምንጠይቀው፣ መልስዎ ነው ወረቀቱ ወደየት እንደሚሄድ የሚወስነው።

አሁን ሦስት ነገር ይሞክሩ። መጀመሪያ ከኢንሹራንሱ የመጣውን ወረቀት፣ ይሄ ቢል አይደለም የሚል የተፃፈበትን፣ ከክሊኒኩ ቢል ጋ ያስተያዩ፣ የሚከፍሉት መጠን አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የክሊኒኩ ከበለጠና ክሊኒኩ ኔትወርክ ውስጥ ከሆነ ልዩነቱን እንዲከፍሉ አይጠበቅም። ቀጥሎ ወደ ጤና ኢንሹራንስዎ ይደውሉና የስኳር ህመምተኛ የሬቲና (የዓይን የውስጥ ክፍል) ምርመራ ከዲዳክቲብል በፊት ትሸፍናላችሁ ወይ ብለው ይጠይቁ። ይሄን ጥያቄ በደንብ ይያዙት። ከ2019 ጀምሮ የታክስ መስሪያ ቤቱ ከፍተኛ ዲዳክቲብል ያላቸው ፕላኖች እንኳን ይሄን ምርመራ ከዲዳክቲብል በፊት መክፈል ይችላሉ ብሎ ፈቅዷል፣ የግድ ግን አላደረገውም፣ አንዳንዱ ይከፍላል አንዳንዱ አይከፍልም። ይከፍላል ካሉዎት ክሊኒኩ ቢሉን አስተካክሎ እንዲልክ ይጠይቁ። ሦስተኛ፣ መክፈል ግድ ከሆነ ክሊኒኩን በየወሩ ከፋፍላችሁ ውሰዱ ይበሏቸው፣ አብዛኛው ቦታ ያለ ወለድ ይስማማል፣ ዝም ብሎ ካልተከፈለ ነው ወደ ዕዳ ሰብሳቢ የሚላከው።

ምርመራውን ግን በቢሉ ተናደው እንዳያቋርጡ ጋሼ። የስኳር የዓይን ጉዳት ሲጀምር አያምም፣ ማየትም አይቀንስም፣ ለዚህ ነው በየዓመቱ የሚታየው።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነኝ። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፣ ሜዲኬር (በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ለሞላ የሚሰጠው የመንግስት ኢንሹራንስ) አላቸው፣ የአንድ ዓይናቸው ሞራ በቀዶ ጥገና ሊወጣ ነው። ሜዲኬር መነፅር አይሸፍንም ሲሉ ሰምቻለሁ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ መነፅር ቢያስፈልጋቸውስ?

መልስ፦ የሰማሽው በግማሽ ልክ ነው። ኦሪጅናል ሜዲኬር (በቀጥታ ከመንግስት የሚሰጠው) የተለመደ የዓይን ምርመራና መነፅር አይከፍልም፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ይከፍላል፣ እሱም ልክ የአባትሽ ጉዳይ ነው። ሞራው ወጥቶ በዓይናቸው ውስጥ ሰው ሰራሽ ሌንስ ከተተከለ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ መደበኛ ፍሬም ያለው አንድ መነፅር ወይም አንድ ጊዜ ኮንታክት ሌንስ ፓርት ቢ የሚባለው የሀኪም ወጪ የሚከፍለው የሜዲኬር ክፍል ይሸፍናል። የፓርት ቢ ዲዳክቲብል በ2026 283 ዶላር ነው፣ እሱን ከቀዶ ጥገናው ጋ መጨረሳቸው አይቀርም፣ ከዛ ሜዲኬር ከተቀበለው ዋጋ 20 ፐርሰንቱን እሳቸው ይከፍላሉ፣ ሜዲጋፕ (ሜዲኬር ያልከፈለውን የሚሞላ ተጨማሪ ኢንሹራንስ) ወይም ሜዲኬይድ ካላቸው እሱም ሊሸፈን ይችላል። መነፅሩን የምታሰሩበት ሱቅ ግን ሜዲኬር ውስጥ የተመዘገበ መሆን አለበት፣ ይሄን ሳይጠይቁ ሰፈር ያለ ሱቅ ሄደው ከኪሳቸው የከፈሉ እናቶችና አባቶች አሉ። የመነፅር ቁጥር የሚወጣበትን ምርመራ ሜዲኬር ስለማይከፍል ለሱ ለብቻው ትንሽ ቢል ቢመጣ አትደንግጪ።

ቀዶ ጥገናው ላይ ሀኪሙ ሩቁንም ቅርቡንም የሚያሳይ የተሻለ ሌንስ አለ ብሎ ሊያቀርብላቸው ይችላል። ሜዲኬር የሚከፍለው የመደበኛውን ነው፣ የተሻለ የተባለው ላይ ያለው ተጨማሪ ዋጋ በሙሉ ከኪስ ነው፣ ትንሽ ብርም አይደለም። አባትሽ እንግሊዝኛ የማይችሉ ከሆነ ያን ወረቀት ሳይገባቸው እንዳይፈርሙ አብረሻቸው ሁኚ። ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር) ከሆነ ያላቸው፣ ከሞራ በኋላ ያለውን መነፅር እሱም መሸፈን አለበት፣ ብዙዎቹ ከዛ በላይ በየዓመቱ የመነፅር አላወንስ ይጨምራሉ፣ ኔትወርካቸው ግን ጠበብ ይላል።

እግረ መንገዴን፣ ሜዲኬር ያላቸውና ዕድሜያቸው 50 ወይም ከዛ በላይ የሆነ ጥቁሮች ለግላኮማ ተጋላጭ ተብለው በዓመት አንድ ጊዜ ይመረመራሉ፣ የስኳር ህመምተኞችም እንደዛው፣ ቤተሰብ ውስጥ ግላኮማ ያለበትም። ዲዳክቲብሉና 20 ፐርሰንቱ ቢኖርም የተሸፈነ ነው። አባትሽን አስመርምሪያቸው።

ጥያቄ፦ ዓይኔን ከታየሁ በኋላ ቁጥሬን ስጡኝ ስል መነፅሩን እዚሁ ካሰራህ ነው ዓይነት ነገር አሉኝ። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ስለምሄድ እዛ ማሰራት ነበር ሀሳቤ።

መልስ፦ አይችሉም ወንድሜ። ከ1978 ጀምሮ ያለ የፌደራል ህግ አለ፣ ምርመራው እንዳለቀ ሳትጠይቃቸው ፕሪስክሪፕሽንህን በነፃ ሊሰጡህ ይገባል፣ መነፅር ከነሱ ገዛህም አልገዛህም። በ2024 ህጉ ሲሻሻል መቀበልህን በፊርማ እንዲያረጋግጡም ተጨምሯል። ስለዚ ህጉን አውቃለሁ ብለህ በትህትና ጠይቅ፣ እምቢ ካሉ ለፌደራል ንግድ ኮሚሽን ማመልከት ትችላለህ። የሁለቱ ዓይን ብሌኖች ርቀት የሚባለው ቁጥር ግን በፌደራል ህጉ የግድ አይደለም፣ ኦንላይን ለሚያዝ ሰው ያስፈልጋል፣ ወረቀቱ ላይ ፃፉልኝ በላቸው፣ ብዙዎቹ አይከለክሉም። አዲስ አበባ ላይ ማሰራቱን በተመለከተ፣ ተራ የሩቅ መነፅር ከሆነ ምንም አይደል፣ ፕሮግረሲቭ ከሆነ ግን ልኬቱ ትንሽ ከሳተ ደረጃ ሲወርዱ ያደናግራል፣ ለማስተካከል ደግሞ አውሮፕላን ልትሳፈር ነው፣ እኔ ብሆን እሱን እዚሁ አሰራለሁ።

ጥያቄ፦ ኤፍኤስኤ (ከደሞዝ ላይ ከታክስ በፊት ለህክምና የሚቀመጥ ብር) ላይ 240 ዶላር ቀርቶኛል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይቃጠላል አሉኝ። ለመነፅር ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ በደንብ። መነፅር፣ ኮንታክት ሌንስና ፈሳሹ፣ ቁጥር ያለው የፀሐይ መነፅር፣ የማንበቢያ መነፅር፣ የምርመራ ኮፔይ ሁሉ ይሆናል። ቁጥር የሌለው የፀሐይ መነፅር አይሆንም። መቃጠሉ ግን እንደ መስሪያ ቤትሽ ነው፣ አንዳንዱ እስከ 680 ዶላር ከ2026 ወደ ቀጣዩ ዓመት ያሸጋግራል፣ አንዳንዱ ሁለት ወር ተኩል ይጨምራል፣ አንዳንዱ ምንም የለውም። ኤች አርን በኢሜይል ጠይቂ፣ መልሱ በፅሁፍ ይኑርሽ።

ከፍ ያለ ዲዳክቲብል ያለው ፕላን ላይ ያላችሁ፣ ማለትም በ2026 ለአንድ ሰው ቢያንስ 1,700፣ ለቤተሰብ 3,400 የሆነ፣ ኤችኤስኤ (ከታክስ ነፃ የሆነ የራስ የህክምና ቁጠባ) መክፈት ትችሉ ይሆናል፣ እሱ አይቃጠልም፣ ሥራ ብትቀይሩም ይከተላችኋል፣ ለመነፅርም ይሆናል። በ2026 ለአንድ ሰው እስከ 4,400፣ ለቤተሰብ እስከ 8,750 ማስገባት ይቻላል። ከ2026 ጀምሮ ደሞ ማርኬትፕሌስ ላይ ብሮንዝ የሚባለውን ፕላን የያዙ ሰዎችም ኤችኤስኤ እንዲከፍቱ ተፈቅዷል፣ ይሄን ብዙ የኡበር ሹፌሮች ገና አልሰሙም። አንድ ነገር ብቻ፣ በኤችኤስኤ የከፈላችሁበት መነፅር ዲዳክቲብላችሁን አይቀንስም፣ ካርዱ ስለሰራ ተቆጠረልኝ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ደረሰኙንም ያዙት፣ ታክስ መስሪያ ቤቱ ከጠየቀ የምታሳዩት እሱን ነው።